የልጆቻችንን የሙዚቃ ዝንባሌ በጊዜ እንወቅ

ልጃችሁ ጣሳና ሳህን እየደበደበ ሲያስቸግራችሁ «ዝም በል!» ከማለታችሁ በፊት ጥቂት አድምጡት። ምቱን ሳያዛንፍ ይቀጥላል? የሰማውን ዜማ አስተካክሎ ያንጎራጉራል? ሌላ ሰው ዜማ ሲስት ያውቃል? እነዚህ የዝንባሌ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ ባይታይም ተስፋ አይቆረጥም፤ ጆሮ በልምምድ ይሠለጥናል።

በ1936 ዓ.ም. ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ውጭ አገር የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ዝንባሌው ግን ወደ ሙዚቃ መራው፤ በለንደንና በቦስተን ተምሮ ለኢትዮ ጃዝ መሠረት ጣለ።

ለሴት ልጅ ግን መንገዱ ይጠባል። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» የሚለው ስድብ የስንቷን ድምፅ አፍኗል! እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ ሙዚቃ ተምረዋል። በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው እንዳይማሩ ፈቃድ ሲከለከሉ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፤ ለዓመታትም ከፒያኖ ተለዩ። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፉ ድርሰቶቻቸው በብዙ አገር ይደመጡ ነበር። እሳቸው ወደ ፒያኖው ተመልሰዋል፤ ሳይመለሱ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው?

ታዲያ ምን እናድርግ? ውድ መሣሪያ መግዛት ግድ አይደለም፤ ክራር ወይም ዋሽንት ለጀማሪ ይበቃል። የሚያውቅ ሰው ቅኝቱን ያሳየው፤ ትዝታን ከባቲ መለየት ይልመድ። ከትምህርቱ ጥናት በኋላ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይለማመድ። ሲሳሳት አትሳቁበት፤ እንግዳ ፊትም ሳይፈልግ አታስጫውቱት።

ሴት ልጃችሁም ከወንድሟ እኩል የልምምድ ሰዓት ይኑራት። ያን ሰዓት ዕቃ ማጠብ እንዳይወስድባት ሥራውን ለሁለቱም አካፍሉ።