ባለቤት የሌለውን ዕቃ ፍሩ

«ጃፓን አለ፣ ታይዋን አለ፣ ቻይና አለ። የትኛውን ላውጣ?» አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ይዞ ይህን ጥያቄ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ሠፈር፣ ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ሦስት አገር ይጠራል፤ ሦስት ዋጋም ያስከትላል። ገዢው ኪሱን ያሰላል፣ አጠገቡ የቆመውን መካኒክ ፊት ያያል፣ ከዚያ አንዱን ይመርጣል። አብዛኞቻችን የመለዋወጫን ጥራት የምንመዝነው እንዲህ አገር በመምረጥ ነው። እኔ ግን ሚዛኑ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ባንኮኒው ፊት ቆመን መጠየቅ ያለብን «ማን ሠራው? ነገ ቢሰበር የሚጠየቅ ባለቤት አለው ወይ?» ብለን ነው።

ጉዳዩን አሁን ማንሳቴ በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለችው ቪትስ፣ ኮሮላ ወይም ሚኒባስ ገና ብዙ ዓመት ታገለግለናለች፤ ዕድሜዋን የሚወስነው ደግሞ የምንገዛላት መለዋወጫ ነው። ዕቃ በተወደደ ቁጥር ርካሹን ፈላጊ ይበዛል፤ ርካሽ ፈላጊ በበዛበት ገበያ ደግሞ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ገበያው ይደራለታል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይጥራ። ቶዮታ ተብሎ በታተመበት ካርቶን ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ቶዮታ አይሠራውም። ከቶዮታ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ1949 የተቋቋመው ዴንሶ ዳይናሞ፣ ካንዴላና ራዲያተር ይሠራል። ፍሪሲዮንና የውሃ ፓምፕ ከአይሲን፣ አሞርዛተር ከካያባ፣ ኩሽኔታ ከኮዮ ወይም ከኤንኤስኬ ሊመጣ ይችላል። እነዚሁ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን በራሳቸው ካርቶንና በራሳቸው ስም ሲሸጡት ዋጋው ከመኪናው አምራች ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ከእነሱ ቀጥሎ ለመኪና አምራቾች ሳይሆን ለገበያው ብቻ የሚያመርቱ፣ ስማቸውን ግን በዕቃቸው ላይ የሚያትሙ ፋብሪካዎች አሉ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው ስም የሌለው፣ ከዚያም የሚብሰው የሰው ስም የሰረቀው ዕቃ ነው። ክፍተቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በዋጋም በጥራትም ይለያያሉ፤ ሦስቱም ግን ባለቤት አላቸው። አራተኛው የለውም።

አገር መጥራት ብዙ የማይረዳን ለዚህ ነው። ትክክለኛው የቶዮታ ዕቃ ታይላንድ ወይም ኢንዶኔዥያ ተሠርቶ ሊመጣ ይችላል። የጀርመኑ ቦሽ ቻይና ውስጥ የራሱ ፋብሪካዎች አሉት። «የቻይና ነው» የተባለው ዕቃ በጥብቅ ቁጥጥር የተመረተ ሊሆን ይችላል፤ «የጃፓን ነው» ተብሎ የተሸጠው ደግሞ ጃፓንን በካርቶን ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ቤት ስንገባ ይህን ልዩነት እናውቀዋለን። የፈጠራ መብቱ ጊዜ ያለፈበትን መድኃኒት ብዙ ፋብሪካ ይሠራዋል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ በሽታውን ግን ያድናል፤ ምክንያቱም አምራቹ ስሙን ጽፎበታል፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም መርምሮ ፈቅዶታል። ርካሽ መድኃኒትና ሐሰተኛ መድኃኒት አንድ ናቸው የሚል ሰው የለም። መለዋወጫ ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱን ደባልቀን፣ ግማሾቻችን ርካሹን ሁሉ እንሸሻለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ርካሽ የተባለውን ሁሉ እንገዛለን።

ልዩነቱን በቅርብ ያየሁት ፍሬን ላይ ነው። ሠፈራችን ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ከሚኒባስ የፈታውን የፊት ፍሬን ፓድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩት» አለኝ። ሸራው ግማሹ እንኳ አላለቀም። ሆኖም ከተጣበቀበት ብረት በአንድ ጠርዙ ተላቆ በጥፍር ሲነካ ይነቃነቃል፤ ዝገት ሙጫው ሥር ገብቷል። ከመኪናው ላይ ያልተፈታው ዲስክ ላይ በጣት የሚዳሰስ ቦይ ተቆፍሯል። ፓዱን ገለበጥኩት። የአምራች ስም የለውም፤ ቁጥርም የለውም። መካኒኩ ሊገጥመው ያዘጋጀውን አዲሱን አምጥቶ አጠገቡ አኖረው። በጀርባው የፋብሪካው ስም፣ የዕቃው ቁጥር፣ የተመረተበት ዙር መለያ፣ በክብ ውስጥ ደግሞ «ኢ» የተባለችው የላቲን ፊደል ከነቁጥሯ ታትሞበታል። አዲሱ የመኪናው አምራች ካርቶን የለበትም፤ ዋጋውም ከኦሪጅናሉ ያነሰ ነው።

ያቺ በክብ ውስጥ ያለች ፊደል ጌጥ አይደለችም። የፍሬን መለዋወጫን በሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 መሠረት የተፈተነ ዕቃ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዷ ናት። ደንቡ ተለዋጩ ፍሬን መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ጋር ተወዳድሮ በብቃት ከ15 በመቶ በላይ እንዳይራራቅ ያስገድዳል። ውድ ካርቶን ግዙ የሚል ቃል የለበትም። ማንም ይሥራው፤ ግን ተፈትኖ፣ ስሙን ጽፎበት ይሽጠው ነው የሚለው። ለእኛም ገበያ የምመኘው ይህንኑ ነው።

ፍሬን የመኪናን ፍጥነት በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ሚኒባስም ቢሆን ፍሬኑን ደጋግሞ ነው የሚረግጠው። የሸራውን ቅመሞች የሚያያይዘው ሙጫ ደካማ ከሆነ በዚያ ሙቀት ይቃጠልና ጋዝ ይፈጥራል፤ ሹፌሩ ፔዳሉን እየረገጠ መኪናው አልያዝ ይለዋል። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ነው። አዲስ ዶት 3 እስከ 205፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሐሰት ከሆነ ዘይቱ ቀድሞ ይፈላል፤ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይወርዳል። የመካኒኩንም ጤና እናስብ። በፍሬን ሸራ ውስጥ ይገባ የነበረው አስቤስቶስ በካንሰር አምጪነቱ በአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል፤ አሜሪካም እስከዚያ ሲሠራበት የቆየውን ዓይነት በ2024 እ.ኤ.አ. ለማገድ ወስናለች። ስም የሌለው ሸራ ከምን እንደተሠራ የሚነግረን ሰው የለም። አቧራውን በኮምፕረሰር እየነፋ የሚውለው ወጣት ግን በየቀኑ ይተነፍሰዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ደግሞ መራጩና ተጎጂው አንድ ሰው አለመሆናቸው ነው። የሚኒባሱን ሸራ የሚገዛው ባለንብረቱ ነው፤ ወይም ባለንብረቱ የላከው መካኒክ። ሹፌሩ የቀን ገቢውን ለመሙላት ይሮጣል። ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪ፣ ዜብራ ላይ የቆመው አዛውንት፣ ስለ ሸራው ያማከራቸው የለም። የራሱን ልብስ ከርካሹ የሚገዛ ሰው በራሱ ይፈርዳል፤ የታክሲ ፍሬን ከማይታወቀው የሚገዛ ሰው ግን በሌላው ሕይወት ላይ ይቆጥባል። ይህን ቆጠባ ብልኅነት ብለን ማሞገሱን ማቆም አለብን።

«ስም ያለውስ አይበላሽም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይበላሻል፤ ሰውም ይገድላል። የጃፓኑ ታካታ የሠራቸው ኤርባጎች ሲከፈቱ የብረት ስባሪ እየረጩ ሰው ገድለዋል። ቶዮታና ሆንዳን ጨምሮ በርካታ ኩባንያዎች መኪኖቻቸውን ለጥገና ጠሩ፤ ኮሮላና ያሪስም ከተጠሩት ውስጥ ነበሩ። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ የኤርባግ መንፊያዎች እንዲቀየሩ ተወሰነ፤ ታካታም በ2017 እ.ኤ.አ. ከሰረ። ታሪኩ ትልቅ ስም ከጥፋት እንደማያድን ያስተምራል። ግን ሌላም ነገር ያስተምራል። ዕቃዎቹ ስምና ቁጥር ስለነበራቸው የት መኪና ውስጥ እንዳሉ ተፈልገው ተገኙ፤ አጥፊው ተጠየቀ፣ ከፈለ፣ ወደቀ። ስምና ቁጥር የሌለው ፓድ ነገ ሰው ቢገድል ማን ይጠራዋል? ማንስ ይከፍላል? ለታወቀ አምራች ጨምረን የምንከፍለው ገንዘብ ከጥራቱ ሌላ ይህን ተጠያቂነት ይገዛልናል።

ታዲያ ደመወዙ ለነዳጅ እንኳ የማይበቃው ሰው ሁሉንም ከውዱ ይግዛ ማለቴ አይደለም። ገንዘባችን ውስን ስለሆነ የት እንደምናፈሰው እንወቅ። እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ዕቃው ሲበላሽ ሰው ይጎዳል ወይ? ፍሬን ሸራና ፓድ፣ የፍሬን ጎሚኒና ዘይት፣ ቴስቲና፣ ቦል ጆይንት፣ የእግር ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ኤርባግ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በእነዚህ ላይ ዝቅተኛው ደረጃ ስሙን የጻፈ፣ የተፈተነ አምራች ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ የለም። ሁለተኛው፣ ዕቃውን ለመቀየር ምን ያህል ይፈታል? ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ ይወርዳል። ሞተሩ የጊዜ ቺንጋ ያለው ከሆነ ደግሞ፣ በብዙዎቹ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጩና ቴስታታው ይበላሻል። እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ በእጅ ዋጋ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ የበር እጀታ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የወለል ምንጣፍ ግን ከርካሹ ቢገዛ ምንም አይደለም። እዚያ የተረፈውን ወደ ፍሬኑ ማዞር ነው ብልኅነት።

ያገለገለ ኦሪጅናልም በቦታው ጥሩ አማራጭ ነው። በር፣ መብራት፣ የመኪናው ኮምፒውተር፣ ካምቢዮም ቢሆን ከተበታተነ መኪና ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል። በሥራው እያለቀ የሚሄድ ዕቃ ግን፣ ኦሪጅናልም ቢሆን፣ የሌላ ሰው ትራፊ ነው። ሻጩ ከየት እንዳመጣው ሊናገር ካልቻለም መተው ይሻላል፤ ሌሊት የተነቀለ ስፖኪዮ ጠዋት ገዢ የሚያገኘው እኛ ሳንጠይቅ ስለምንገዛ ነው።

ገዢ ከእጁ የማይጠፋ መሣሪያ አለው፤ እሱም ቁጥር ነው። የቶዮታ ዕቃ አሥር ሆሄ ያለው መለያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ቁጥሮች ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። 04465 የፊት ፍሬን ፓድ ነው፤ 04495 የኋላ ፍሬን ሸራ፤ 16100 የውሃ ፓምፕ። የሻንሲ ቁጥራችንን ይዘን ትክክለኛውን መለያ ቀድመን ብናውቅ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ዕቃው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ባንኮኒው ላይ እናያለን። ደረሰኙ ላይ «ፓድ» ተብሎ ብቻ ሳይሆን የአምራቹ ስምና ቁጥሩ ይጻፍ። የማይጽፍ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ መቆም አልፈለገም ማለት ነው። መካኒኩንም በእጅ ዋጋው ላይ ስንጨቀጭቀው ኪሳራውን ከሻጭ በሚያገኘው ኮሚሽን ለማካካስ እንገፋፋዋለን። የሙያ ዋጋውን በግልጽ ብንከፍለው ግን ለእኛ ይመክራል።

የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በየዓመቱ ለቦሎ መኪናችንን እናስመረምራለን። ፍሬኑ በምርመራው ቀን መያዙን ማየት ጥሩ ነው፤ ዕቃው ገና ወደ አገር ሲገባ መፈተኑ ግን ይበልጣል። የፍሬን፣ የመሪና የጎማ ዕቃዎች የአምራች ስምና የፈተና ምልክት ሳይኖራቸው ጉምሩክን ማለፍ የለባቸውም። አስመጪው ያስገባውን ዕቃ መዝግቦ ይያዝ፤ ጥፋት ሲገኝ ዕቃው ከየሱቁ ይሰብሰብ። ይህ ድሃውን ከገበያ ያስወጣል የሚል ሰው ካለ፣ መልሴ ድሃው ነው በዚያ ሚኒባስ የሚሳፈረው የሚል ነው። ርካሽ ዕቃ ለአገራችን ያስፈልጋታል፤ ርካሹን ከነባለቤቱ እንዲቀርብልን መጠየቅ ደግሞ መብታችን ነው።