«አሮጌ ልብስ ግዙልኝ» ሲሉ



ሰሞኑን በትልልቆቹ ክፍል ወላጆች ዘንድ የሚሰማው ወሬ ስለ ልብስ ነው። ልጁ አዲስ ጃኬት ተገዝቶለት አይለብሰውም፤ የሚፈልገው ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ያየውን የድሮ ኮት ነው። እነሱ «ቪንቴጅ» ይሉታል፣ እኛ ጆሮ ሲደርስ ግን «ሰልባጅ» ይሆናል። አንዲት እናት «ሁለት ሥራ የምሠራው ልጄ የሰው አሮጌ እንድትለብስ ነው እንዴ?» ብለውናል። ንዴታቸው ይገባናል። እኛ ስናድግ ለዓመት በዓል አዲስ ልብስ መልበስ ማለት ቤቱ ደህና ነው ማለት ነበር። ልጆቻችን ግን ያን አላዩም። ለእነሱ የድሮ ልብስ ማለት የክፍል ጓደኛ ሁሉ ያልለበሰው ልብስ ነው። በዚያ ላይ ዋጋው ለእኛም አይከፋም።

ስለዚህ ከመከልከል ይልቅ አንድ ነገር ሞክሩ፦ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የቤተሰቡን የፎቶ አልበም አውጡ።

ልጆቻችን አያቶቻቸውን የሚያውቋቸው ጋቢ ለብሰው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተነሱትን ፎቶ ሲያዩ ይገረማሉ፦ ቤልቦተም ሱሪ፣ ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ አፍሮ ጸጉር፣ አጭር ቀሚስ። ያኔም ቢሆን ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት፣ የውጭ አገር ፋሽን በተቃወሙ ተማሪዎች የተነሳ ረብሻ አስነስቶ ነበር። በልብስ መከራከር በእኛ ቤት አልተጀመረም።

አንድ የ14 ዓመት ተማሪያችን ከአያቱ ጋር በስልክ የሚያወራው «ደህና ነዎት? ደህና ነኝ» ብቻ ነበር፤ ከዚያ ስልኩን ለእናቱ ይሰጣል። ፎቷቸውን ሲያይ ግን ጥያቄ አገኘ። ክፍል ውስጥ ተለማምዶ «አባባ፣ ይህን ሱሪ ማን ሰፋልዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። ጨርቁ በሜትር እንዴት እንደተገዛ፣ ልብስ ሰፊው ስንት ቀን እንዳመላለሳቸው አጫወቱት። ግማሹ አልገባውም፤ ግን ያልገቡትን ቃላት ጽፎ ይዞልን መጣ፦ ልክ፣ ገበር፣ እጅጌ፣ ቅምቅማት። በሚቀጥለው እሑድ እሱ ራሱ ደወለላቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለምሳሌ ለአንድ ወቅት 40 ዶላር መድቡና በፎቶው ላይ ካለው ሦስት ነገር ብቻ ይምረጥ፦ አንድ ኮት ወይም ጃኬት፣ አንድ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ አንድ ሸሚዝ። ከገንዘቡ ጥቂቱ ለማስጠበቢያ ወይም ለማሳጠሪያ ይቀመጥ። ሱቅ ውስጥ እነዚህን አትርሱ፦

ቁጥሩን አትመኑ። የድሮ ልብስ ቁጥር ከዛሬው ጋር አይገጥምም፤ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ሜትር ይዛችሁ ትከሻና ወገቡን ለኩ። ትከሻው ልክ ከሆነ ሌላው ይስተካከላል፤ ትከሻ ማስተካከል ግን ከባድም ውድም ነው።

ገልብጣችሁ እዩ። ብብቱን፣ የሱሪውን መሀል፣ ዚፑንና ገበሩን መርምሩ። ሱፍ ከሆነ ወደ ብርሃን አንሱትና ብል የበላው ቀዳዳ ፈልጉ። የጎደለ ቁልፍ አያሳስብም፤ ልጁ ራሱ ይትከለው። ቅምቅማቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካለ ልብሱ ይረዝማል።

በመጨረሻም የጨርቁን ምልክት አንብቡ። ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይኮማተራል።

ያለ ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ ቤት ነው። ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ የእናት ቀሚስ፣ የአባት ኮት፣ ነጠላ፣ ሻሽ ይኖራል። ነጠላ በጂንስ ጃኬት ላይ ጣል ሲደረግ ያምራል፤ አትሳቁባቸው። የአያት ቀሚስ ግን ባለቤቷ ሳትጠየቅ መቀስ አይነካውም። የእጅ ሥራ ልብስ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠብ፤ ጥለቱ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ብዙ አትዘፍዝፉት፤ ጥላ ላይ ይድረቅ። ከተሰቀለ በክብደቱ ይለጠጣልና አጥፋችሁ አስቀምጡት።

የቤት ሥራችን ይኸው ነው። ልጆቻችን ከእንግሊዝኛው በመነሳት ለሁሉም ነገር «ለበስኩ» ይላሉ፦ «ጫማ ለበስኩ»፣ «ሰዓት ለበስኩ»። ልብሱን ሲሞክሩ አብራችሁ በሉ፦ ኮት ይደረባል፣ ጫማና መነጽር ይደረጋል፣ ባርኔጣ ይደፋል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል፣ ክራባት፣ ሰዓትና ሻሽ ይታሰራል፣ ቀለበት ይጠለቃል፣ ነጠላ ይጣፋል። የነጠላው አጣጣፍ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለደስታና ለሐዘን እንደሚለያይም አሳዩአቸው። ይህን ከመጽሐፍ ብናስተምር ይረሱታል። መስታወት ፊት ቆመው ሲሉት ግን ይይዙታል።

በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የቤተሰብ ፎቶና አንድ የድሮ ልብስ ይዞ ይምጣ። አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግም። የማን እንደነበረ፣ ማን እንደሰፋው ወይም የት እንደተገዛ በአማርኛ አምስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ፎቶ የሌላችሁ፣ በስደት መንገድ የጠፋባችሁ፣ አትጨነቁ። ያኔ ምን ትለብሱ እንደነበር ለልጃችሁ ንገሩት፤ ሥሎ ያምጣው።

ቅዳሜ ያገናኘን።