ሞፈር የጨበጡ ዘማቾች ታሪክ ይቀረጽ

ለአገው ፈረሰኞች ማኅበር
ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ
እንጅባራ (ቆሰበር)

ጉዳዩ፦ የዘማች አርሶ አደሮችን የሕይወት ታሪክ በድምፅ ስለመቅረጽ

በየዓመቱ ጥር 23 ቆሰበር የፈረስ ከተማ ትሆናለች። በ1932 ዓ.ም.፣ ጣልያን ገና ከሀገር ሳይወጣ የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ፈረስና ፈረሰኛ ውለታ ሳያስረሳ እዚህ አድርሷል፤ ምስጋና ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን ይጎድላል። ዘማቹ የተዋጋበት ጊዜ ይወሳል፤ ከዚያ በኋላ ሞፈር ጨብጦ የኖረበት ዘመን ብዙም አይሰማም። ጦር ሜዳ የቆየው ጥቂት ዓመት፣ እርሻ ላይ የቆየው ግን ዕድሜውን ሙሉ ነው።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ሲሸሽ የነበሩት አርበኞች፣ ብዙዎቹ ከማሳቸው የተነሡ ገበሬዎች ነበሩ። ያ ትውልድ አልፏል።

አሁን ተራው የ1969ኙ ዘማች ነው። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በ20 ዓመቱ የዘመተ ሰው ዛሬ ወደ 70 ተጠግቷል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ወታደር ተበትኖ ብዙው ገጠር ገባ። ለመልሶ ማቋቋም የተሰየመው ኮሚሽን ለገጠር ተመላሾች ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ ለአንዳንዱም በሬ ሰጠ። ከኤርትራው ጦርነት በኋላም ሌላ ተመላሽ መጣ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ከሪፖርት አይገኝም። ተመላሹን የመጀመሪያውን ክረምት ማን አብልቶ አከረመው? ከማን ጋር መቀናጆ ገባ? በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ስንት ቃዳ መሬት ደረሰው? አሲዳማው አፈር ገብሱን ሲያቀጭጭበት ኖራ በተነ ወይስ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተከለ?

በፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንስ ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያድጋል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። እንጨቱ ተደርድሮ በሣርና በአፈር ይከደናል፤ ከዚያ ሌት ተቀን ጥበቃ ነው። ክዳኑ በአንድ በኩል ተሸንቁሮ ነፋስ ከገባ፣ የዓመታት ድካም አመድ ሆኖ ያድራል። በምሽግ ዘብ ሲያድር የኖረ ሰው ስለዚህ ሌሊት ቢጠየቅ የሚለው አያጣም።

እንግዲህ ማኅበሩ በየወረዳው ባሉት አባላቱ በኩል ዘማች አርሶ አደሮችን ይመዝግብ፤ በየትኛው ወገን ተሰልፈው እንደነበር ሳይለይ። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎቹ መቅረጫ ሰጥቶ ወደየቀበሌው ይላክ። ባለታሪኩ በአውኝኛ ማውራት ከመረጠ በአውኝኛ ይቀረጽ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። እንዲወጣ የማይፈልገው ነገር ካለ ይቆረጥለት። ቅጂው ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሌላ ለቤተሰቡም ይሰጥ።

በክረምት ገበሬ ጊዜ የለውም። እህሉ ከአውድማ ገብቶ ሰው ለጨዋታ ፋታ የሚያገኘው ከታኅሣሥ በኋላ ስለሆነ፣ ሁለቱ ተቋማት እስከዚያ ሥራውን የሚመራ ሰው ሰይመው ለሕዝብ ቢያሳውቁ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር