ሬዲዮው ሲጠፋ የሚቀረው ትኩሳት

እ.ኤ.አ. በ2006 በሞራ ማክላክሊን የሚመራ ቡድን 11 እንግዳ የሰማይ አካላት ማግኘቱን በኔቸር መጽሔት አሳወቀ። አውስትራሊያ የሚገኘው የፓርክስ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ቀደም ሲል ከሰበሰበው መረጃ ውስጥ የተለቀሙ ናቸው። ለጥቂት ሚሊሰከንድ የሬዲዮ ሞገድ ይረጩና ለደቂቃዎች፣ አንዳንዶቹም ለሰዓታት ጭጭ ይላሉ። የአንዱ የሙሉ ቀን ስርጭት ቢደመር አንድ ሰከንድ ቢሞላ ነው። የፍንዳታዎቹ ሰዓት ሲሰላ ግን የአብዛኞቹ ክፍተት የአንድ ቋሚ ቁጥር ብዜት ሆኖ ተገኘ፤ ከኋላቸው የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም ግዙፍ ኮከብ በሱፐርኖቫ ሲፈነዳ የሚቀር ጥቅጥቅ አካል፣ አለ ማለት ነው።

አዲስ ዝርያ ተገኘ ተባለ። በእኔ እምነት ግን የሬዲዮ ምስክርነት ብቻውን ዝርያ ለመለየት አይበቃም፤ ኤክስሬይም መጠየቅ አለበት። ሬዲዮው የሚመነጨው ኮከቡን ከከበበው መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ነው፤ ጠባብ ጨረር ስለሆነ ወደ እኛ ካልዞረ አይሰማም። እንዴት እንደሚፈጠርም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና በውል አልተፈታም። ኤክስሬዩ ግን በአብዛኛው የገላው ትኩሳት ነው፤ ሬዲዮው ኖረም አልኖረም አይጠፋም።

ከ11ዱ አንዱን፣ ጄ1819-1458 የተባለውን፣ እንውሰድ። በ4.26 ሰከንድ አንድ ዙር ይሽከረከራል፤ በሬዲዮ የሚሰማው ግን በአማካይ በየሦስት ደቂቃው አንዴ ነው። ቻንድራ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በኤክስሬይ ያገኘው በአጋጣሚ ነበር፤ የአንድ ሱፐርኖቫ ቅሪት ሊያነሳ ዞሮ ሳለ ይኸኛውም አብሮ ምስሉ ውስጥ ገባ። በኋላ ኤክስኤምኤም-ኒውተን የተባለው ሌላ የጠፈር ቴሌስኮፕ ሆን ብሎ ሲመለከተው፣ ኤክስሬዩ በዚያው በ4.26 ሰከንድ ምት ደመቅና ፈዘዝ እንደሚል ታየ። ድምቀቱ የሚውለውም ሬዲዮው በሚፈነዳበት ቅጽበት ላይ ነው። የገላው ሙቀት 1.6 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ዕድሜው ወደ 120 ሺህ ዓመት ለሚገመት ተራ ኒውትሮን ኮከብ የሚጠበቅ ዓይነት ነው።

ተራ ብቻ ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም። መግነጢሳዊ መስኩ 50 ትሪሊዮን ጋውስ ስለሚደርስ ማግኔታር የሚባሉትን እጅግ ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ ያላቸውን ኒውትሮን ኮከቦች ይጠጋል። በ2009 ናንዳ ሪያና ባልደረቦቿ በዙሪያው የተዘረጋ የኤክስሬይ ደመና እንዳለ አሳይተዋል። የገላውን ሙቀትም ሆነ ይህን ደመና የሬዲዮ ፍንዳታ በመቁጠር ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ክርክሬም እዚህ ላይ ነው።

ፓትሪክ ቬልተቭሬደና ባልደረቦቹ ያነሱት የቢ0656+14 ጉዳይ ደግሞ አለ። ይህ ፐልሳር፣ ማለትም በየዙሩ ምት የሚልክ ኒውትሮን ኮከብ፣ ቅርባችን ስለሆነ ደካማ ምቱም ይሰማል፣ በኤክስሬይም ደማቅ ነው። ርቆ ቢሆን ኖሮ ከሸለቆ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ንግግሩ ጠፍቶ ጩኸቱ ብቻ ይደርሰን ነበር፤ ያኔ እሱንም ከእንግዶቹ ጋር እንመድበው ነበር። ኢቫን ኪንና ማይክል ክሬመር በ2008 ያቀረቡት ሂሳብም ወደዚሁ ይጠቁማል፦ የኒውትሮን ኮከብ ዓይነቶች ሁሉ ለየብቻ የተወለዱ ናቸው ብለን ከደመርናቸው፣ በጋላክሲያችን የሚፈነዱት ሱፐርኖቫዎች አይበቋቸውም። ስለዚህ አንዱ ዓይነት እያረጀ ወደ ሌላው ይለወጣል ማለት ይቀላል።

ተቃዋሚዬ አንድ ኮከብ ለሌሎቹ አይመሰክርም ቢለኝ ልክ ነው። በኤክስሬይ ተፈልገው ያልተገኙ አሉ። ግን አለመታየት ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም፤ ርቀት አለ፣ ለስላሳውን ኤክስሬይ መንገድ ላይ የሚውጥ ጋዝና አቧራም አለ። ክርክሩን የሚፈታው በቅርቦቹ ላይ ረጅም የኤክስሬይ ምልከታ ማድረግ ነው፤ የቴሌስኮፕ ሰዓት አከፋፋዮች ደግሞ ምናልባት ምንም ላይታይበት ለሚችል ምልከታ ቀናትን መስጠት አይወዱም።