ነፋሱን ብቻ አይተን አንሂድ

እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ደብተር ላይ የጉዞ ዕቅድ ስንጽፍ የሰነበትን መሆናችንን ከተማሪዎቹ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ያልሳቀብንም ጥቂት ነው። ባሕር በሌለው አገር ተወልደው፣ ባሕርንም በካርታ ላይ እንጂ በዓይናቸው ሳያዩ፣ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል በነፋስ እየተጎተቱ ለመንሸራተት የሚያስቡ ሁለት ተማሪዎች ቢሳቅባቸው አያስገርምም። እኔም በዛሬው ጽሑፌ ስለ ሳቁ ለመከራከር አልተነሣሁም። ክርክሬ ከዚያው ከጓደኛዬ ጋራ ነው፤ ነገሩም በየትኛው ወር እንሂድ የሚል ነው።

በቅድሚያ ስለ ስፖርቱ ጥቂት ልናገር። ካይትቦርዲንግ የሚባለው፣ ሰው ወገቡን በጠንካራ ቀበቶ ታጥቆ፣ ከ20 ሜትር በላይ በሚረዝሙ ቀጫጭን ገመዶች ትልቅ ካይት አየር ላይ ይዞ፣ እግሮቹንም በሰሌዳ ላይ አጽንቶ በውኃ ላይ የሚንሸራተትበት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በአየር የሚነፋ፣ ውኃ ላይ ቢወድቅ እንደገና ሊነሣ የሚችል ካይት ሠርተው የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ስፖርቱ በፓሪስ ኦሊምፒክ ከመርከብ ውድድሮቹ ጋራ ተቈጥሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳልያ ተሰጠበት።

የመረጥናት ደሴት ሮድሪግስ ትባላለች። የሞሪሸስ ግዛት ስትሆን ከዋናዪቱ ደሴት በስተምሥራቅ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ስፋትዋ 108 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝብዋም ከ40 ሺሕ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በዙሪያዋ የኮራል ድንጋይ እንደ አጥር ስለ ከበባት፣ በአጥሩና በየብሱ መካከል ላጉን የሚሉት ጥልቀት የሌለው ውኃ ተኝቷል። የላጉኑ ስፋት የደሴቲቱን እጥፍ ያህላል። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው የንግድ ነፋስም ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። አንባቢ ሆይ፣ ይኸ ጊዜ የኛ የክረምት ዕረፍት መሆኑን ልብ በል! ጓደኛዬ ይኸን ባወቀ ዕለት ከወንበሩ ተነሥቶ ጨፍሯል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ወራት ግን የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለ ሆነ ገና ከመጀመሪያው ሰረዝነው።

ስለ ነፋስ የፊዚክስ መምህራችን ያስረዱንን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ መሆን ነው። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ የሚጨምረው በአራት እጥፍ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው 40 ቢደርስ፣ ካይቱ ሰውየውን በአራት እጥፍ ኃይል ይጎትተዋል። ስለዚህ አንድ ካይት ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ ለብርቱ ነፋስ የሚሆን ትንሽ ካይት መጨመር ያስፈልጋል። ወደ ደሴቲቱ የሚመላለሱት አውሮፕላኖች ትናንሽ ስለ ሆኑ ደግሞ ዕቃ ማብዛት አይቻልም። የነፋሱም አቅጣጫ ከጉልበቱ ያላነሰ ነገር ነው። በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ በሙሩክ መንደር ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ስለሚገፋ፣ ጀማሪ ቢሳሳት የሚጣለው ወደ ዳር ነው። በሰሜኑ ጠረፍ ያው ነፋስ ወደ ክፍት ባሕር ይወስደዋል።

እስከዚህ ድረስ ተስማምተን ነበር። የተጣላነው ኦክቶፐስ ላይ ደርሰን ነው።

በሮድሪግስ ኦክቶፐስ፣ ማለት ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ፣ ለብዙ ቤት እንጀራ ነው። ብዙዎቹ አጥማጆች ሴቶች ናቸው። ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ቦት ጫማ አድርገው፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ በእግራቸው ወደ ላጉኑ ይገባሉ፤ በኮራሉ ጉድጓድ የተሸሸገውንም በብረት ዘንግ ይወጋሉ። ከዚያም ፀሐይ ላይ ሰቅለው ያደርቁታል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኦክቶፐሱ እንዲያድግና እንዲራባ ተብሎ ከነሐሴ ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል ማጥመድ የሚከለከልበት ሥርዓት ወጥቷል።

ጓደኛዬ ዕረፍቱ እንደ ተጀመረ በሐምሌ እንሂድ ይላል። እኔ ግን ክልከላው ከተጀመረ በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ እንሂድ እላለሁ። ምክንያቴም ይኸ ነው። ጀማሪ ሰው ካይቱን በየደቂቃው ይጥላል። በነፋስ የተወጠረ ገመድ ሰውን ይቈርጣል። ውኃው ለኛ ለጀማሪዎች የሚስማማው ወገብ ድረስ ስለ ሆነ ነው፤ ሴቶቹም በእግራቸው የሚሠሩት ስለዚሁ ነው። ጓደኛዬ «ላጉኑ ሰፊ ነው፣ ለሁሉም ይበቃል» ብሎ የካሬ ኪሎ ሜትሩን ቍጥር ጠቀሰልኝ። ቍጥሩ ልክ ነው። ነገር ግን ለኛም ለእነርሱም የሚመቸው ያው ዳር ዳሩ ከሆነ የቀረው ስፋት ምን ይጠቅመናል?

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ በማግሥቱ የተሻለ መልስ ይዞ መጣ። እነርሱ የሚገቡት ባሕሩ ሲሸሽ ከሆነ፣ እኛ ሲሞላ እንግባ አለኝ። እውነቱን ልናገርና ይኸን እኔ አላሰብሁትም ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ኮራሉ ብቅ ስለሚል ካይቱንም እግርንም ይቀዳል፤ እንግዲህ ለራሳችንም የሚሻለው ሲሞላ ነው። በደብተራችን ላይ ሰዓቱ እንዲጻፍ ተስማምቻለሁ። ወሩን ግን አልለቀቅሁም። የባሕሩ መውጫና መግቢያ ሰዓት በየቀኑ ይለወጣል፤ ጀማሪም ሰዓቱን አክብሮ መውጣት አይሆንለትም፣ ነፋሱ ካልፈቀደለት። እኛ ለመጫወት የምንሄድ ነን፤ እነርሱ ለልጆቻቸው ምሳ ነው የሚገቡት። ከሁለቱ አንዱ መዘግየት ካለበት፣ በእኔ አስተያየት የሚዘገየው እንግዳው ነው። በክልከላውም ወር ቢሆን መረብ የሚጥሉ ሌሎች አጥማጆች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ካይቱን ከመንፋታችን በፊት የመንደሩን ሰው መጠየቅ አለብን። ጓደኛዬ «ስድስት ሳምንት ዕረፍት ታቃጥልብኛለህ» ይለኛል። አዎን፣ አቃጥላለሁ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልናገርም፤ ገና ሥራ ይዘን፣ ዓመታትም ቈጥበን ነው። በዚህ መካከል ዕቅዱን ለአባቴ ባሳየሁ ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ካርታውንም፣ የነፋሱንም ሠንጠረዥ፣ የዕቃውንም ዝርዝር አንድ በአንድ አነበቡ። እኔም ምስጋና ስጠብቅ ቀና ብለው፤ «ለመሆኑ ልጄ፣ ዋና ትችላላችሁ?» አሉኝ።

ሁለታችንም አንችልም ነበር። በደብተሩም ላይ ስለ ዋና አንድ መስመር አልተጻፈም። አሁን የመጀመሪያው ገጽ ተቀዶ፣ በምትኩ የቅዳሜ ጧት የመዋኛ ሰዓት ተጽፏል። ጓደኛዬ እስካሁን በጀርባው መንሳፈፍ ችሏል፤ እኔ ገና የገንዳውን ጠርዝ አልለቀቅሁም።