የባሕር ጤና መለኪያና የላስታ ጅረቶች

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። በመሆኑም «የባሕርና የጠረፍ ሥነ ምኅዳር ጤና እንዴት ይለካል?» የሚለው ጥያቄ ለላሊበላ ተማሪ የሩቅ አገር ጉዳይ መስሎ ሊታየው ይችላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ጥያቄው የላስታም ነው። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር፣ አትባራም ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል፤ የዓባይም መጨረሻ የሜዲትራኒያን ጠረፍ ነው።

ያ ጠረፍ ለሳይንስ ያስተማረው ቁም ነገር አለ፤ አንድ ቁጥር ብቻውን ጤናን አይመሰክርም። በዓባይ መዳረሻ አካባቢ የሚጠመደው የሰርዲን ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 18,000 ቶን ይደርስ ነበር። የአስዋን ግድብ ከ1964 ጀምሮ የክረምቱን ጎርፍና ከደጋ የሚወርደውን ደለል ሲያስቀር፣ ባሕሩ ንጥረ ምግቡን አጣ፤ ምርቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን የዓሣው ምርት እንደገና አንሰራራ። ለዚህ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ዋነኛ ማብራሪያ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና የከተሞች ፍሳሽ ነው። ዓሣውን ብቻ የቆጠረ ሰው «ባሕሩ ዳነ» ሊል ይችላል፤ ደለል የቀረበት ጠረፍ ግን በማዕበል መሸርሸሩን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው የውቅያኖስ ጤና መለኪያ የዓሣን ምርት፣ የውሃን ንጽሕና፣ ብዝኃ ሕይወትንና የጠረፍን ጥበቃ ጨምሮ 10 ግቦችን በአንድነት የሚመዝነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይኸው ትምህርት ለላስታ ጅረቶችም ያገለግላል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ የሚገኝ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ያሟሟል። በላሊበላ፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ያው ውሃ የሚይዘው ከ7 ሚሊግራም በታች ነው። ስለዚህ ለቆላ የወጣ መመዘኛ ጤነኛውን የደጋ ጅረት «ታማሚ» ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። ደለልም እንዲሁ ነው፤ ለጠረፉ ሲሳይ የነበረው አፈር በላስታ ጅረት ውስጥ የድንጋዮችን ክፍተት ደፍኖ የነፍሳት እጮችን ያፍናል፤ ለገበሬውም የማሳው መራቆት ነው።

እኛ ወንዞቻችንን የምናውቃቸው በአብዛኛው በሜትር ኩብና በሜጋዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመትና 300 ሜጋዋት የማመንጨት ኃይል እንዳለው በየመጽሔቱ እናነባለን። ወደ ግድቡ በሚወርዱት ጅረቶች ውስጥ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ምን እንደሚኖር ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ከአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር ተባብረው፣ በአቡነ ዮሴፍ ተዳፋት የሰው እጅ እምብዛም ያልነካቸውን ጅረቶች በመነሻ መለኪያነት ይምረጡ። የውሃውን ሙቀት፣ ኦክሲጅንና ድፍርስነት እንዲሁም የእጮቹን ዓይነትና ብዛት በበጋና በክረምት እየለኩ ለዓመታት ይመዝግቡ። የበጀት እጥረት በቂ ሰበብ አይሆንም። ቴርሞሜትር፣ ወንፊትና መዝገብ ውድ አይደሉም፤ ኦክሲጅንንም በተራ ቤተ ሙከራ መለካት ይቻላል። ውድ የሚሆነው ሳይመዘገብ ያለፈው ዓመት ነው። ሐኪም የጤነኛውን የልብ ትርታ ሳያውቅ የታማሚውን ሊለይ አይችልም፤ እኛም ጤነኛውን ጅረት ሳናውቅ የታመመውን ልናክም አንችልም።