አልጠፋም ባዩ ኮምፒውተር

አማርኛችን «ጠፋ» የምትባለዋን አንዲት ግሥ ስንት ሸክም አሸክሟታል! እሳት ይጠፋል፤ መብራት ይጠፋል፤ ላም ከመንጋዋ ትጠፋለች፤ አገር ይጠፋል፤ የቆየ ወዳጅ «ምነው ጠፋህ?» ተብሎ ይወቀሳል። የበደለም ሰው «አጥፍቻለሁ» ብሎ ይቅርታ ይለምናል። ኮምፒውተር ወደ ቤታችን ሲገባ አዲስ ቃል አልፈለግንለትም፤ እንደ ኩራዝ «አብራው፣ አጥፋው» አልነው። ኩራዝ ግን እፍ ሲሉት ይጠፋል። ኮምፒውተር እፍ ተብሎ አይጠፋም፤ እፍ ብለው ያጠፉት ዕለትም የግሥዋ ሌላ ትርጉም፣ ጥፋቱ፣ ተከትሎ ሊመጣ ይችላል።

የዛሬው ጽሑፌ ሊኑክስ የጫነ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው ስለሚችል ችግር ነው። ኮምፒውተሩ «ዝጋ» ሲባል ይታዘዛል፤ መስኮቶቹ ይከደናሉ፤ ስክሪኑ ይጨልማል… ማራገቢያው ግን መዞሩን፣ ትንሿ መብራትም ማብራቷን አይተዉም። ዐሥር ደቂቃ ቢጠብቁት ያው ነው። ባለቤቱም የማብሪያውን ቁልፍ አራት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይይዝና ጸጥ ያሰኘዋል። ነገም እንዲሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ከሳምንት በኋላ ልማድ ይሆናል፤ ከወር በኋላ ደግሞ «ሊኑክስ መቼም እንዲህ ነው» የሚል ፍርድ ይወጣዋል።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ ያ ቁልፍ የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን አይገባውም። አልጠፋም ያለ ማሽን ምክንያት አለው፤ ሊኑክስ ደግሞ ምክንያቱን አብዛኛውን ጊዜ ጽፎ ያስቀምጣል። ማንበብ የሚወድ ሰው፣ በገዛ ጠረጴዛው ላይ በየምሽቱ የሚጻፍለትን ሳያነብ መተኛቱ ይገርመኛል።

ለመሆኑ «መዝጋት» ምንድን ነው? ድግስ እንደ መበተን ያለ ነገር ነው። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች አጋፋሪው እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ሲስተምዲ ነው። ሲስተምዲ በመጀመሪያ ለየፕሮግራሙ «ሥራህን ጨርሰህ ውጣ» የሚል የጨዋ መልእክት ይልካል። የሰማ ፕሮግራም የያዘውን ያስቀምጣል፣ ፋይሉን ይዘጋል፣ ይወጣል። ያልሰማውን በተለመደው አሠራር እስከ 90 ሰከንድ ይታገሠዋል፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ የማይባል ሁለተኛ መልእክት ይደርሰዋል። ቀጥሎ በማስታወሻው ውስጥ ቆይቶ ገና ወደ ዲስክ ያልተጻፈው ሁሉ ይጻፋል፤ የፋይል ማኅደሮቹ ይነቀላሉ። በመጨረሻ ከርነሉ ብቻውን ይቀርና ብረቱን «ኃይሉን ቁረጥ» ይለዋል። ከነዚህ ደረጃዎች አንዱ ላይ የተሰናከለ እንደሆነ፣ ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁሉም አንድ ይመስላል፤ የጨለመ ስክሪንና የሚዞር ማራገቢያ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ላጥፋው?» ሳይሆን «የት ላይ ቆመ?» የሚለው ነው። ብዙ ስርጭቶች ሲዘጉ አርማቸውን እንደ መጋረጃ ዘርግተው ከበስተኋላ የሚጻፈውን ይሸፍኑታል። የኢስኬፕ ቁልፍ ሲጫኑ ብዙ ጊዜ መጋረጃው ይገለጣል። ካልተገለጠም በማስነሻው ምናሌ ላይ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለአንድ ጊዜ መሰረዝ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ መስመር በመስመር እየተናገረ ይዘጋል፤ ከሁሉም የሚፈለገው የመጨረሻው መስመር ነው።

የመጨረሻው መስመር አንድ አገልግሎት እስኪቆም እየተጠበቀ መሆኑን ተናግሮ ሰከንድ የሚቆጥር ከሆነ፣ እንቅፋቱ ከሶፍትዌሩ ወገን ነው። «ፓወር ዳውን» ብሎ ዝም ያለ ከሆነ ግን ከርነሉ የራሱን ጨርሶ ለብረቱ አስረክቧል፤ ችግሩ ከብረቱ ወይም ሁለቱ ከሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። «ሲስተም ሆልትድ» የሚል ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ብልሽት ላይኖር ይችላል፤ የተሰጠው ትእዛዝ «ሃልት» ኖሯል ማለት ነው። «ሃልት» ሥራ አቁም ይላል እንጂ ኃይል ቁረጥ አይልም፤ ኃይል የሚያስቆርጠው «ፓወርኦፍ» ነው። አንዲት ቃል ተለውጣ ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ ሊዞር እንደሚችል ለእናንተ ለቃል ሰዎች ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ከሶፍትዌሩ ወገን ያለውን እንይ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የታወቀው ምሳሌ ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ የተገናኘ የፋይል ማኅደር ነው። በመዝጊያው ሰዓት ኔትወርኩ ቀድሞ ይቋረጣል፤ ማኅደሩን ለመንቀል ደግሞ የሩቁ ኮምፒውተር መልስ ያስፈልጋል። መልሱ በተዘጋ መንገድ ሊመጣ አይችልምና ማሽኑ የማይመጣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው በር በሩን እያየ ይቀራል። መድኃኒቱ ጉልበት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው፤ ማኅደሮቹ በሚዘረዘሩበት «ኤፍኤስታብ» ፋይል ውስጥ «ኔትዴቭ» የሚለውን ምልክት፣ ከፊቱ የሥር ሰረዝ አድርጎ መጻፍ። ያን ጊዜ ሥርዓቱ ማኅደሩ በኔትወርክ ላይ የቆመ መሆኑን ያውቅና በመዝጊያው ሰዓት ማኅደሩን አስቀድሞ፣ ኔትወርኩን አስከትሎ ይዘጋል። የትኛው አገልግሎት እንደዘገየ ለማወቅም «ጆርናልሲቲኤል» የተባለው ትእዛዝ አለ፤ ከኋላው «ሰረዝ ቢ» እና «ሰረዝ 1» ቢጨምሩበት የዛሬውን ትቶ ያለፈውን ዙር መዝገብ ያወጣል። መዝገቡ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ የተደረገ መሆኑን ግን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የትናንቱ ቃል ከትናንት ጋር ሄዷል።

ከብዙዎች ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። በሰፊው የሚታዘዘው መድኃኒት «90 ሰከንዱን ወደ 5 አውርደው» የሚል ነው። ይሠራል፤ አልክድም። ነገር ግን የሚያድነው ሕመሙን ሳይሆን የሕመምተኛውን ድምፅ ነው። የዘገየው አገልግሎት የሞተ ነገር የሚጠብቅ ከሆነ እሺ፤ የዘገየው የመረጃ ቋት እየጻፈ ስለሆነስ? በአምስተኛው ሰከንድ የሚቆረጠው ዓረፍተ ነገር የማን ነው? መጀመሪያ ማን እንደዘገየና ለምን እንደዘገየ ይታወቅ፤ ከዚያ ለዚያ ለአንዱ አገልግሎት ብቻ ጊዜውን ማሳጠር ይቻላል። አንዱ እንግዳ ስለዘገየ የድግሱን ታዳሚ ሁሉ በአንገቱ ይዞ ማስወጣት የደጋሽ ወግ አይደለም።

የብረቱ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አለው። በድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ማጥፊያው እውነተኛ ማብሪያና ማጥፊያ ነበር፤ ጣት ገፋ፣ ኤሌክትሪክ ተቆረጠ፣ አለቀ። ዊንዶውስ 95 እንኳ በብዙ ማሽኖች ላይ ሥራውን ሲጨርስ «አሁን ማጥፋት ይቻላል» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ የሰውን ጣት ይጠብቅ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን ደንብ ሲያወጣ ጣቱና ኤሌክትሪኩ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ኃይል ቆራጭ መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ አቅራቢ ሆነ። ሶኬቱ ላይ እስካለ ድረስ ጠፍቷል የምንለው ኮምፒውተር ውስጥ 5 ቮልት የሚጠባበቅ ኃይል አለ። እንግዲህ «ጠፋ» ያልነው እንኳ በደንብ አልጠፋም፤ አንድ ጆሮውን ከፍቶ ነው የሚተኛው።

ጥያቄውን ማን ይቀበል፣ በምን ቋንቋ ይጠየቅ የሚለውን ለመወሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ኤፒኤም፣ በ1996 መጨረሻ ደግሞ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ያወጡት ኤሲፒአይ መጡ። በኤሲፒአይ ሕግ የማሽኑ ሠሪ በባዮሱ ውስጥ ሰንጠረዥ ያስቀምጣል፤ ሰንጠረዡ «ወደ ኤስ5፣ ማለትም ወደ መጥፊያው ደረጃ ለመግባት ይህን ቁጥር እዚህ ቦታ ጻፍ» ብሎ ለከርነሉ ይነግራል። ከርነሉ እንደተነገረው ይጽፋል። ሰንጠረዡ የተሳሳተ ከሆነ ግን ትክክለኛ ታዛዥነት ትክክለኛ ውጤት አያመጣም። ሰው ሠሪውን ትቶ ሊኑክስን ይረግማል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ የስሙ ጉዳይ ነው። በኤሲፒአይ ሰንጠረዥ ውስጥ ባዮሱ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አለ። ሊኑክስ የዊንዶውስ ስሞች ሲጠሩለት «አዎን፣ ነኝ» ይላል፤ «ሊኑክስ ነህን?» ሲባል ግን ከ2007 ወዲህ በተለመደው አሠራሩ «አይደለሁም» ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱ እፍረት አይደለም። ብዙ ባዮስ የሚፈተነው በዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ ለሌላ ስም የተጻፈው መንገድ ማንም ያልረገጠው ጫካ ነው። በሰው አገር ለመኖር ስሙን የለወጠ ስደተኛ ይህን በደንብ ይረዳዋል። ቢል ጌትስም በጥር 1999 ለባልደረቦቹ በጻፈው መልእክት ኤሲፒአይ በሆነ መንገድ የዊንዶውስ ብቻ ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ መልእክቱ በኋላ በአዮዋ ግዛት በማይክሮሶፍት ላይ በተመሠረተ ክስ በማስረጃነት ቀርቦ ይፋ ሆኗል። ሐሳቡ በሥራ ላይ ውሏል ብሎ ከአንድ መልእክት መፍረድ አይቻልም። ጥያቄው መነሣቱ ግን ኮምፒውተርን የማጥፋት ሥልጣን ተራ የኤሌክትሪክ ጉዳይ እንዳልሆነ ይነግረናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ በአንድ መሞከር፤ አንድ ለውጦ ማየት፣ ከዚያ ሌላውን። መጀመሪያ በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ነቅሎ መዝጋት ነው። ዩኤስቢ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለም፤ ሀስዌል በተባለው የኢንቴል ትውልድ ላይ ዩኤስቢ 3 የጠፋውን ማሽን መልሶ ሲቀሰቅሰው በ2013 ከርነሉ ውስጥ ልዩ ማስተካከያ ተጽፎለታል። ማሽኑ ጠፍቶ ወዲያው የሚነሣ ከሆነም በኔትወርክ የመቀስቀሻውን ምርጫ ባዮሱ ውስጥ መዝጋት ነው። ቀጥሎ የባዮሱን አዲስ እትም መፈለግ፤ የተሳሳተ ሰንጠረዥ የሚታረመው ከምንጩ ነውና። ቀጥሎ በቀድሞው ከርነል አስነሥቶ መዝጋት፤ በአሮጌው የሚጠፋ በአዲሱ የማይጠፋ ከሆነ ጥፋተኛው ተለይቷል። በስተመጨረሻም «ኤሲፒአይ ኦኤስአይ» በሚለው የማስነሻ ቃል ሊኑክስ የሚሰጠውን ስም ለውጦ ማየት ይቻላል።

ምሽቱ ከመሸ፣ ማሽኑም ከደረቀ፣ ከአራቱ ሰከንድ በፊት አንድ የጨዋ መንገድ ይቀራል። ኦልት እና «ሲስአርኪው» የተባለውን ቁልፍ ይዞ በየተራ የእንግሊዝኛዎቹን ኤስ፣ ዩ እና ኦ መጫን ነው። የመጀመሪያው ያልተጻፈውን ያጽፋል፤ ሁለተኛው ማኅደሮቹን ለንባብ ብቻ ያደርጋቸዋል፤ ሦስተኛው ያጠፋል። አንዳንድ ስርጭት ይህን በከፊል ይገድበዋልና አስቀድሞ መፈተሹ አይከፋም።

«ይህ ሁሉ ለምን? ቁልፉን ተጭኜ ልተኛ!» የሚለውን ሰው አልንቀውም። መብራት ኃይል ሲቆረጥም ማንንም አስፈቅዶ አይደለም፤ ኮምፒውተሮቻችንም ያን ሁሉ ችለው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ከርነሉ ከገባው ኤክስት3 ጀምሮ የፋይል ማኅደሩ የራሱን ጆርናል ስለሚይዝ ድንገተኛ ሞት እንደ ድሮው አያፈርሰውም። እውነት ነው። ነገር ግን ጆርናሉ በዋናነት የሚጠብቀው የቤቱን ምሰሶ ነው፤ ምሰሶው ቆሞ እያለ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወረቀት ሊጠፋ ይችላል። ገጣሚው ዛሬ ማታ ያረመው ስንኝ ገና ዲስክ ካልደረሰ፣ ማኅደሩ ጤነኛ ሆኖ ስንኙ ግን የለም። ጠፍቷል ተብሎ ቦርሳ ውስጥ የገባ፣ ነገር ግን ያልጠፋ ላፕቶፕም ታፍኖ ይግላል፤ ባትሪውንም ይጨርሳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ቢባልም፣ የፈሰሰ ስንኝ እንደ ጤፍ ተለቅሞ አይገኝም።

ደግሞም ከስንኙ የሚበልጥ ነገር አለ። ሊኑክስን ብዙዎቻችን የመረጥነው ነጻ ስለሆነ፣ አሮጌ ላፕቶፕንም ዕድሜ ስለሚቀጥልለት ነው። ትልቁ ስጦታው ግን «ለምን?» ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚነበብ መልስ መኖሩ ነው። መዝገቡ ክፍት ነው፤ ከርነሉ ራሱ ክፍት ነው፤ በየትኛው መስመር ላይ ምን እንደሚደረግ የፈለገ ያነበዋል። ይህን መብት ይዞ በየምሽቱ ቁልፍ መርገጥ መጽሐፍ ገዝቶ የበር ማስደገፊያ እንደ ማድረግ ነው።

ዛሬ ማታ ኮምፒውተራችሁ አልጠፋም ካለ፣ ጣታችሁን ለአንድ አፍታ ሰብሰብ አድርጉና መጋረጃውን ግለጡት። የመጨረሻውን መስመር ወረቀት ላይ ጻፉት። ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቸር እንሰንብት።